እናቴ የተከለችው መንገድ

እናቴ መድኃኒት የምታደርግ ሴት ናት ብዬ ያመንኩበት አንድ ዓመት አለ። ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ባለፈው ሰኔ አረፈች። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል መጥቶ የያዘኝ የመጨረሻ ሕመሟ አልነበረም፤ ያ ዓመት ነው። ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ቄስ ደግሰው ላሊበላ ላይ ቀዳሽ ካህን ነበሩ። የምንኖረው ከአያቶቻችን በወረስነው ክብ የድንጋይ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ነበር። አባዬ ሌሊት ለኪዳን ሲነሡ በሩ ሲጥጥ ሲል እሰማለሁ፤ እንቅልፍ መልሶ ሳይወስደኝ ደርሰው ድምፃቸው ከታች ይመጣ ነበር። ይህን ያህል ቅርብ ነበርን። በ2002 ዓ.ም. ግድም በቅጥሩ ዙሪያ ያለነው ሰዎች ሁሉ እንነሣ ተባለና ከከተማው ወጣ ካለ ተረተር ላይ አዲስ ሰፈር ተሰጠን። ቤቶቹ ቆርቆሮ ለባሽ፣ በአንድ ልክ የተሠሩ፣ በሰልፍ የቆሙ ናቸው። ዛፍ የለ፣ ድንጋዩ ገጦ፣ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ፊት ላይ ይደፋዋል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በራችን ቁልፍ ነበረው።

በገባን በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አባዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ የጎረቤታችን የሽታዬ ቤት ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና "ባንቺዓለም፣ ውሃ ስጪኝ" አሉ። ሽታዬ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

"አባ፣ ቤት ሲቀየር ሚስትም ይቀየራል እንዴ?" ብላ ሰፈሩን በሳቅ አፈነዳችው።

አባዬም ሳቁ። "ቆርቆሮው ሁሉ መንታ ሆኖብኝ ነው" አሉ። እኔም እስኪያመኝ ሳቅሁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ወጥታ እጃቸውን ሳትይዝ፣ ቀድማቸው እየሄደች፣ ጫማዋን ጠጠሩ ላይ ጮክ አድርጋ እየጎተተች ወደ ቤት አመጣቻቸው። ቅር ብሏት፣ ቀንታ መሰለኝ።

አባዬ ዓይናቸው እየጠፋ ነበር። ይህን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው የበጋ ወራት ሁለቱ ደሴ ሄደው ሲመለሱ ቴምር አምጥተውልኝ ነበር፤ እኔ ቴምሩን ሳስታውስ፣ እነሱ እዚያ ሐኪሙ "ዘግይታችኋል" ያላቸውን ተሸክመው ነበር የመጡት። የማያይ ካህን መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። አባዬ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሌላ ኑሮ አያውቁም። ቅዳሴውን ከነዜማው በቃላቸው ይወጡታል፤ መቅደሱም ከአለት የተፈለፈለ ነውና ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ እያንዳንዱን ዓምድና ደረጃ እጃቸውና እግራቸው ያውቀዋል። በቅጥሩ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነበሩ። ከድሮው ቤታችን እስከ ቅጥሩም እንዲሁ። የጎደላቸው አዲሱ መንገድ ብቻ ነበር፤ ከቆርቆሮው ቤት በራፍ ተነሥቶ፣ በፈፋው አፋፍ ወርዶ፣ ድንጋይ እስከተነጠፈበት እስከ ትልቁ መንገድ ያለው። እሱን በሰው እጅ ተይዘው ከወረዱ ነገሩ በዚያው ቀን ይታወቃል። ብቻቸውን ከወረዱ ይቀድሳሉ። እናቴና አባቴ ያን ዓመት ሙሉ የታገሉት ለዚህ ብቻ ነው።

እኔ ይህን አላውቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ችግኝ ታደለ። የሰፈራችን የልማት ቡድን መሪ ታፈረ የሚባል ጎልማሳ ነበር፤ የአባዬ የንስሐ ልጅ ነው፤ ሲናገር ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው እጁን ያወራጫል፣ ልቡ ግን ደግ ነው። ባህር ዛፍና ስሙን እሱም አጥርቶ የማይጠራው ቀይ አበባ በጋሪ አምጥቶ በየደጁ አወረደ።

"ውሃው ከየት ይመጣል ታፈረ?" አለችው እናቴ። "ቦኖው ለሰውም አልበቃ።"

"እትዬ ባንቺዓለም፣ አበባ ነው'ኮ! ለዓይን ደስ ይላል።"

"ለዓይን" አለች እናቴ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እየሳቀች መሰለኝ።

ችግኙን ለሽታዬ ሰጠቻትና እሷ በማግስቱ ዶማና ጆንያ ይዛ ወጣች። ከድሮው ደጃችን ፍርስራሽ ዳማከሴ ነቅላ መጣች። ከአሸተን ተራራ ጦስኝ ከነአፈሩ አመጣች። ክትክታና አጋም ከየት እንዳመጣች አላውቅም፤ እጇና ክንዷ ተቦጫጭሮ ነበር የገባችው። የተከለችውም ሰው እንደሚተክለው በአጥሩ ዙሪያ አልነበረም። ዳማከሴውን ከበሩ ግራና ቀኝ አደረገችው። ክትክታውን ከደጃፍ ጀምራ በመንገዱ ቀኝ ብቻ በተርታ ሰደደችው። መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ፣ ጦስኙን እንደ ምንጣፍ ነሰነሰችው። ከዚያ ወዲያ በፈፋው አፋፍ ላይ አጋም ደረደረች።

ቦኖው ላይ ወሬው ተጀመረ።

"እኛ አበባ እንተክላለን፣ የቄሱ ሚስት እሾህ ትተክላለች" አለች ሽታዬ እንስራዋን እያዞረች። "ደግሞ ቄሱን ልብ ብላችኋል? በየቅጠሉ እየቆሙ ያሸታሉ፣ እንደ ፍየል።"

"ፍየሏ አንቺ ብትሆኚ ኖሮ እስካሁን ቅጠሌም ባልተረፈ" አለቻት እናቴ።

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሽታዬም ሳቀች። እናቴ ውሃዋን አዝላ ስትሄድ ግን ሽታዬ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። "ወለላዬ፣ እናትሽ ለአባትሽ በምግብ የምትጨምረው ነገር አለ? ንገሪኝ እስቲ። ወንድን በቅጠል የሚያስሩ ሴቶች አሉ። ያሰሩት ሰው ይፈዛል፣ ይደነዝዛል፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ይተዋል።"

ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ነገር ናት። አባዬ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲተዉ ማሰብ አልችልም ነበር። ደግሞ እውነትም ፈዘዋል። አንድ ቀን ጠዋት ልሳለም ስቀርብ መስቀሉን ግንባሬ ላይ ሳይሆን ጆሮዬ ላይ አሳረፉት። ጨዋታ መስሎኝ ሁለተኛውን ጆሮዬን ሰጠኋቸው። አልሳቁም። ለረጅም ጊዜ ፊቴን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ። ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ገበያ ስለሚወርድ ጭር ይላል። እናቴ ከሽታዬ ልጆች ጋር ገበያ ሂጂ ብላ ላከችኝ፤ እኔ ግን ከውሃው በርሜል ኋላ ተደበቅሁ። አባዬን ይዛ ወጣች። በራፉ ላይ ቅጠል ቀነጠሰችና በጣቶቿ አሽታ ከአፍንጫቸው ሥር አደረገችው።

"ዳማከሴ" አሉ አባዬ ዝግ ብለው። "ደጃፍ ነኝ።"

"ይቀጥሉ።"

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ወረዱ። ክትክታው እጃቸው ሥር ተንሿሿ። "ክትክታ። ክትክታ። ክትክታ" እያሉ ሄዱ። ከዚያ እግራቸው ጦስኙን ሲረግጥ ሽታው እኔ እስካለሁበት መጣ። ቆሙ፤ ወደ ግራ ዞሩ። እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረቻቸው። እንደገና። እሷ ትላለች፣ እሳቸው ይደግማሉ። አንድ ጊዜ መታጠፊያውን አልፈው ዘለቁና እጃቸው አጋሙ ውስጥ ገባ፤ ደማቸው ወረደ። እናቴ ደማቸውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ "ከወጋዎት ወደ ኋላ ይመለሱ። ከአጋሙ ማዶ ምንም የለም። ሰምተውኛል? ምንም የለም" አለች።

ቅጠል፣ ድግምት፣ ደም። ከዚህ በላይ ምን ማየት ነበረብኝ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ሳልፍ ትንፋሼን ይዤ እሮጣለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ጸበል በሃይላንድ አምጥቼ ሰው ሳያየኝ ቅጠሎቹ ላይ ረጨሁ። ዳማከሴው ይባስ ለመለመ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ለመለመ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ተረተሩን እየገፈፈ ሲወስደው የሌሎቹ ደጅ ተቦርቡሮ ቦይ ሆነ፤ የሽታዬ ቀይ አበባ ከነሥሩ ፈፋው ውስጥ ገባ። የእኛ መንገድ አፈር አልለቀቀም። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ በየደጁ የተተከለው ቀይ አበባ በቦኖ ወረፋ እየጠበቀ ደረቀ፤ እናቴ የተከለችው አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ አልጠየቀም። አገሩ ነው። ንቦች መጡ። ከየት እንደመጡ የሚያውቅ አልነበረም፤ በዚያ ገጣባ ተረተር ላይ ከእኛ መንገድ በቀር ምንም የሚቀስሙት አልነበረም። አባዬ ቀን ሲመለሱ ገና ከታች ሆነው የንቡን ድምፅ ሰምተው ፊታቸውን ወደ ቤት ያቀኑ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ በኋላ ነው፤ እሷ ስታረጅ፣ እኔም ልጅ ስወልድ።

በዚያ ጥቅምትና ኅዳር አባዬ ብቻቸውን ሄደው ብቻቸውን መጡ። ታፈረ እንኳ "አባ በስተርጅና እግራቸው ፈጠነ" ይል ነበር። እናቴ በራፍ ላይ ቆማ እስኪታጠፉ ታያቸዋለች። ጦስኙ ላይ ደርሰው ወደ ግራ ሲዞሩ ትከሻዋ ዝቅ ይልና ወደ ቤት ትገባለች። በዚያ ጊዜ ስትዘፍን ሰምቻታለሁ። ሥራዋ ስለተሳካላት ነው ብዬ ጠላኋት። ስለ መሳካቱስ እውነቴን ነበር።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገና ሲቃረብ፣ እናቴ ብልባላ ያሉ አክስቷ ሞተውባት ለለቅሶ ሄደች። ነገሩ የሆነው በዚያ ቀን ነው። ለገና ከየአገሩ ሰው ስለሚመጣ ሰፈሩ ይጸዳ፣ ይዋብ ተብሎ ነበር። ታፈረ ዶማና ማጭድ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ረፋዱ ላይ ከእኛ ደጅ ደረሰ።

"እናትሽ የለችም?"

"የለችም።"

"ይሻላል፤ ስትመጣ ታያለች።" ወደ ሰዎቹ ዞረ። "የአባን እጅ አይታችሁታል? በአጋም ተዘልዝሎ! እኔ የንስሐ ልጃቸው ቆሜ እያለሁ፣ ለገና ቅዳሴ በቆሰለ እጅ ሊቀድሱ ነው? ይኼን አረም ከሥሩ ንቀሉልኝ። መንገዱን ሰፋ አድርጉት። ከቅዳሴ ሳይወጡ እንጨርስ።"

አጨዱት። ቆፈሩት። ክትክታው ሲወድቅ ፍሬው እንደ ጸናጽል ተንሿሿ። ጦስኙን በዶማ ገልብጠው አፈር አደረጉት። እኔ በራፍ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። ውሃ በጣሳ አመጣሁላቸው። አባቴ ሊፈቱልኝ ነው።

የጾም ቅዳሴ ስለሆነ አባዬ የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ነጭ ጥምጥማቸው ከታች ብቅ ሲል ሁላችንም ቀጥ ብለን ቆምን፤ ታፈረ እንደ ሙሽራ ሚዜ ፈገግ ብሎ። አባዬ መቋሚያቸውን ይዘው ከተነጠፈው መንገድ ወጡና ጥቂት ተራምደው ቆሙ። የታጨደው ቅጠል መንገድ ዳር በየቦታው ተከምሮ ነበር። ዳማከሴው፣ ጦስኙ፣ የክትክታው ቅርንጫፍ አንድ ላይ ተደባልቆ ፀሐይ ላይ ይሸት ነበር። አየሩ ሁሉ ደጃፍ ሆነ፤ አየሩ ሁሉ መታጠፊያ ሆነ። አባዬ ፊታቸውን ወዲህም ወዲያም አዞሩ። ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ምንም አልነካም።

"አባ! መንገዱን ጠረግንልዎ!" አለ ታፈረ።

አባዬ ወደ ድምፁ ዞሩ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አሉና መስቀላቸውን እንዲሳለም አወጡ። መስቀሉን የዘረጉት ማንም ወደሌለበት ነው። ታፈረ ተንደርድሮ ሊሳለም ሲል እሳቸው ደግሞ ወደፊት ተራመዱ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት። እግራቸው የሚወጋቸው እሾህ ይጠብቅ ነበር። አልነበረም። ፈፋው ውስጥ ወደቁ።

ጥልቅ አልነበረም። ድንጋዩ ግን ክፉ ነው። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ረጅም ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ አየሁ።

እኔ ጸበል ቦታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ክፉ መንፈስ ከሰው ላይ ሲወጣ ሰውየውን መሬት ላይ ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ በዙሪያው ያለው ሕዝብ "ለቀቀው!" እያለ እልል ይላል፤ ሰውየውም ትንሽ ቆይቶ ጤነኛ ሆኖ ይነሣል።

"ለቀቃቸው!" ብዬ ጮህሁ። እጄን እያጨበጨብሁ ዘለልሁ። "አባዬን ለቀቃቸው! እልልልል!"

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። እልል ያለ ሌላ ሰው አልነበረም።

ተሸክመው አወጧቸው። ክንዳቸው ተሰብሮ፣ ግንባራቸው ተሰንጥቆ ነበር። ታፈረ ፊት ለፊታቸው ተንበርክኮ "አባ፣ እኔን ያዩኛል? አባ፣ ይዩኝ እስቲ" ይላል። ዓይናቸው ተከፍቶ ከታፈረ ትከሻ በላይ የሆነ ቦታ ያያል። ሽታዬ ቀስ ብላ እጇን በፊታቸው አሳለፈች፤ ወዲህ፣ ወዲያ። ሽፋሽፍታቸው አልተርገበገበም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያቺ ሴት ዝም ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እናቴ በማግስቱ መጣች። የተጠረገውን መንገድ ከታች አየችው። ሩጫ ጀመረች፤ መሐል ላይ ስትደርስ ግን ሩጫዋን ተወችና ቀስ ብላ መጣች፤ ከእንግዲህ መቸኮሉ ምን እንደሚያደርግላት የገባት ይመስለኛል። ታፈረ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ድንጋዩን ከአንገቱ አንሥታ አጠገቡ አስቀመጠችው።

"የነገረህ የለ" አለችው። "እኛ ነን ያልነገርንህ።"

አባዬም ከውስጥ "መንገድ ሊጠርግልኝ የመጣ ልጅ ምን አጠፋ?" አሉ።

ከበዓሉ በፊት የደብሩ አለቃ መጡ። ስለ ብርዱ አወሩ፤ ስለ ክንዳቸው ጠየቁ፤ ከምእመናኑ ብዛት የተነሣ ስለሚቸግረው ማደሪያ አወሩ። ስለ ቅዳሴ አንድ ቃል አላነሡም። ሲነሡ ግን ጎንበስ ብለው የአባዬን ጉልበት ሳሙ። አለቃ የቄስን ጉልበት ሲስም አይቼ አላውቅም ነበር። አባዬ "ይገባኛል፣ አባታችን፣ ይገባኛል" አሉ።

የገና ለት ከተማው ነጭ ለብሶ ዝማሬው እስከ ተረተሩ ሲሰማ አባዬ ከቤት መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከንፈራቸው ከካህናቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ።

"ወለላ" አሉኝ። "ያን ቀን ለቀቃቸው ያልሽው ምኑ ነው የለቀቀኝ?"

ልጅ ነኝ፤ ነገርኋቸው። ቅጠሉን፣ ድግምቱን፣ ደሙን፣ በሃይላንድ የረጨሁትን ጸበል። አባዬን ሳቅ ጀመራቸው፤ የተሰበረ ክንዳቸውን ይዘው እስኪያማቸው ሳቁ።

"ባንቺዓለም! ነይ ስሚ፣ ልጅሽ የምትለውን! በመድኃኒት አስረሽኛል አሉ!"

እናቴ ከምድጃው ዞር አለች። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችኝም።

"መድኃኒት ባውቅ ኖሮ" አለች፣ "ለዓይናቸው አላደርገውም ነበር?"

አባቴ የማያዩ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ካወቀ በኋላ።

ከዚያ በኋላ አባዬ እሑድ እሑድ በእኔ እጅ ተይዘው ይወርዳሉ፤ ከውጭ፣ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ያስቀድሳሉ። መቅደስ ግን አልገቡም። በሌላው ቀን ከቤት አይወጡም።

ክረምቱ ሲገባ ታፈረ መጣ። ጭነቱ ጀርባውን አጉብጦት ነበር፤ አሸተን ድረስ ወጥቶ ጦስኝ፣ ከቆላው ክትክታ፣ ሌላም ሌላም ከነአፈሩ ጠቅልሎ አምጥቷል። የትኛው የት እንደነበረ ሊያስታውስ እየሞከረ በባዶው መንገድ ወጣ ወረደ ይላል። እናቴ ጭነቱን ተቀበለችውና ጓሮ ገባች። ዳማከሴውን ከጓሮው በር ግራና ቀኝ ተከለች። ክትክታውን ከበሩ ጀምራ አባዬ ፀሐይ የሚሞቁበት መደብ ድረስ በተርታ ተከለች። አጭር ነበር፤ ቶሎ አለቀ። ጦስኙን ከመደቡ ሥር አነጠፈችው። የተረፈውን ችግኝ ጠቅልላ ለታፈረ መለሰችለት።

ታፈረ ጥቅሉን እንደታቀፈ ቆመ። "እትዬ ባንቺዓለም፣ እስከ ትልቁ መንገድ እኔው ራሴ እተክለዋለሁ። አንቺ የት የት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።"

እናቴ የመጨረሻውን ሥር አፈር አልብሳ በእግሯ ጠቀጠቀችው።

"የት ሊሄዱበት?" አለች።